ቁመቴ ለረጅሙ ሞተር ሳይክል አልበቃ አለ፤ ሳይበላሽ ዝቅ የሚደረግበት መንገድ አለ?

የመንዝ መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ደብረ ብርሃንን መነሻ አድርጌ እስከ መሐል ሜዳ ባሉ ቀበሌዎች እየተዘዋወርኩ በግና ፍየል እከትባለሁ። ከሁለት ወር በፊት የምሠራበት ፕሮጀክት ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ሞተር ሳይክል መደበልኝ። ከእኔ በፊት ይነዳው የነበረው ባልደረባዬ ረጅምና ገዘፍ ያለ ሰው ነው። የእኔ ቁመት ግን 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ ደግሞ 54 ኪሎ ነው። የሞተሩ መቀመጫ ከመሬት 875 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ መሐሉ ላይ ተስተካክዬ ስቀመጥ መሬት የሚነካው የሁለቱ እግሮቼ የጣት ጫፍ ብቻ ነው።

እየሄድኩ ሳለሁ ችግር የለብኝም፤ ኮረኮንቹንም ጭቃውንም ለምጄዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ስቆም ነው። ባለፈው ሳምንት ከሞላሌ ወዲህ አንድ እረኛ በጎቹን ሲያሻግር ለማሳለፍ ልቆም ስል፣ ግራ እግሬን ያወረድኩበት ቦታ የመኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ሆኖ ተገኘና እግሬ መሬት ሳያገኝ ቀረ። ሞተሩ ከነክትባት ሳጥኑ ላዬ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ሦስት ቀን አነከስኩ፤ ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሳጥኑ ተከፍቶ ክትባቱ በመበላሸቱ፣ ባለቤቶቻቸው ከሌሊቱ ጀምረው ሰብስበው ያቆዩአቸው በጎች በዚያን ቀን ሳይከተቡ መመለሳቸው ነው።

ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። እዚያ ያገኘሁት መካኒክ የኋላውን ሞላ ሁለት ዙር ያህል ቆርጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዝቅ እንደሚያደርግልኝ ነገረኝ። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ሳላስነካው ይዤ ተመለስኩ። ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ የንብረት ኃላፊው የፈቀዱልኝም ወደነበረበት ሊመለስ የሚችል ለውጥ ብቻ ነው። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ፤ ሞተሩን ሳላበላሽ ምን ያህል ዝቅ ላደርገው እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ ልበልሽ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል፣ ከ30 ዓመት በላይ ሞተር ሳይክል ስጠግን ኖሬአለሁ። ሳታስነኪው መመለስሽ ደግ አደረግሽ። ሞላውን በምንም ምክንያት አታስቆርጪ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአንድ ክብደት ሥር እያንዳንዱ የሞላ ዙር የሚታጠፈው መጠን ያው ነው፤ የዙሮቹ ቁጥር ሲቀንስ ግን ሁሉም ተደምረው የሚታጠፉት መጠን ያንሳል። ስለዚህ የተቆረጠ ሞላ አጭር ብቻ ሳይሆን ጠንካራም ይሆናል፤ ቀላል ክብደት ላላት እንዳንቺ ላለች ነጂ ደግሞ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። በዚያ ላይ የሞላው ጫፍ ከፋብሪካው ሲወጣ ጠፍጣፋ ተደርጎ በማረፊያው ላይ እኩል እንዲያርፍ ተሠርቷል፤ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ጎኑ ብቻ ይቆማል፣ የሾኩንም (ሞላው የተጠመጠመበትን የንዝረት መምጠጫ) ዘንግ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ዘይት መያዣ ጎማውንም ይበላዋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋም አጭሩ ሞላ ልል ሆኖ ከቦታው ሊነቀል ይችላል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ያመጧቸውን ሞተሮች በገዛ እጄ ፈትቻለሁ፤ የሚያስደስት አልነበረም።

ከየት ልጀምር ብለሻል፤ ከመለካት ጀምሪ። 875 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር ማንም ሳይቀመጥበት የተወሰደ ነው። ሞተር ሳይክል ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ እንዲል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ያ ዝቅታ ትክክለኛ መጠን አለው፣ እሱም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጓዝበት ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። የአንቺ ሞተር የኋላ ጎማ የሚጓዘው 240 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሙሉ ልብስሽንና ጫማሽን አድርገሽ ስትቀመጪ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ይገባዋል። የበፊቱ ነጂ ከባድ ሰው ከነበረ የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት ለራሱ ክብደት አጥብቆት እንደሚሆን እገምታለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ሞተሩ አንቺን ጭኖ ለመውረድ እምቢ እያለ ነው ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከኋላው ጎማ ዘንግ ቀጥ ብሎ ከላይ፣ በፓራፋንጎው ጎን ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። መጀመሪያ ሞተሩን ድንጋይ ወይም ሳጥን ላይ አቁመሽ የኋላው ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ከዘንጉ እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት ለኪ። ቀጥሎ መሬት ላይ አውርደሽ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ እንደያዘው ለኪ። በመጨረሻም አንድ ሰው ከፊት ይዞልሽ አንቺ ተቀምጠሽ፣ እግሮችሽ መርገጫው ላይ እንዳሉ ሌላ ሰው ይለካልሽ። የክትባቱን ሳጥን በየቀኑ የምትጭኚው ከሆነ፣ እንደምትጭኚው ሞልተሽ በቦታው አስረሽ ለኪ፤ ያለ ጭነት የተለካ ልክ ለሥራሽ አይሆንም። ሦስቱን ቁጥሮች ላኪልኝ።

የተራራ ነጂ

ከሁሉም በፊት አንድ ተቃውሞ ላቅርብ፤ እኅታችን ቅር አይበላት። ይህ ሞተር ሳይክል ከመሬት ያለው ክፍተት 255 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የተሠራውም ድንጋይና ጉቶ እንዲሻገር ነው። መንዝን አውቀዋለሁ፤ የመንገዱ ድንጋይ ሾል ያለ ነው፣ የእግር መንገዱማ ከዚያ ይብሳል። ሞተሩን በ50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካደረጉት የሞተሩ ሆድ ድንጋይ መምታት ይጀምራል፤ ዘይቱ በመንገድ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቁመት ከማጠር የከፋ ችግር ይመጣል።

ፕሮጀክቱ የሚፈቅድ ከሆነ ሞተሩን ለረጅም ባልደረባ ሰጥቶ ለእርስዎ ዝቅ ያለ ሞተር መመደብ የተሻለ ይመስለኛል። የያማሃ ኤክስቲ 250 መቀመጫ 810 ሚሊ ሜትር፣ የሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል ደግሞ 825 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ክብደታቸው ያነሰ ነው፤ ሲወድቁም ለማንሳት ይቀላሉ። ለአንድ ሥራ የተሠራን ዕቃ ለሌላ ሥራ ከመቁረጥ፣ የሚስማማውን መምረጥ ይሻላል እላለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ከሜሪላንድ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ወንድሜ «የተራራ ነጂ» ስለ መሬት ክፍተት የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ማድረግ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የራሴን ልምድ ልጨምር።

እኔ የምነዳው ሱዙኪ ዲአር 650 ነው። በዚህ ሞተር ላይ ፋብሪካው ራሱ ሁለት ከፍታ አዘጋጅቶለታል፤ የኋላው ሾክ የሚታሰርበት ሁለተኛ ቀዳዳ አለ፣ በፊት ሾኮቹ ውስጥም ያለው ማራራቂያ ቦታው ሲለወጥ መቀመጫው ከ885 ወደ 845 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሆንዳም ለዚህ አገር ገበያ ሲአርኤፍ 300 ኤልን በዝቅተኛ ሞዴል ጭምር አውጥቶታል፤ መደበኛው 880 ሲሆን ዝቅተኛው 830 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን የምጠቅሰው አጭር ነጂ የማይታሰብለት ሰው አለመሆኑን ለማሳየት ነው፤ ፋብሪካዎቹም ያስቡበታል።

ባለቤቴ ግን የምትነዳው እንደ እርስዎ ሲአርኤፍ 250 ኤልን ነው፤ ቁመቷም ከእርስዎ ብዙ አይበልጥም። እኛ የኋላውን ሾክ ከጎማ ተሸካሚው ክንድ ጋር የሚያገናኙትን ሁለት ሊንኮች በረዘሙ ሊንኮች ቀየርናቸው። ሊንኩ ሲረዝም የሞተሩ ጀርባ ዝቅ ይላል፤ ሥራው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፣ ወደነበረበትም በቀላሉ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ሳናስብ ነበር የጀመርነው።

የመጀመሪያው የጎን መቆሚያው ነው። ሞተሩ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድ መቆሚያው ግን እንዳለ ስለቀረ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ነፋስ ነክቶት በሌላው ጎኑ ወድቆ አገኘነው፤ የፍሬን መያዣው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ መቆሚያውን አስቆርጠን አስበየድን። ሁለተኛው የኋላው ጎማ ነው። ሊንኩ ሲረዝም ሾኩ ያው የድሮ ርቀቱን ይታጠፋል፣ ጎማው ግን የሚነሳው ከፍ ካለ ቦታ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቀው ከፍታ ላይ ይደርሳል። ከአንድ ወር በኋላ የፓራፋንጎው የውስጥ ክፍል በጎማው ተፍቆ አገኘሁት። ሦስተኛው ደግሞ ሊንኩ የሾኩን ጉልበት ስለሚቀንሰው ሞተሩ እንደ በፊቱ አይሸከምም። ለባለቤቴ የከተማ ዳርቻ ጉዞ ይህ አልከበደም፤ ሳጥን ጭነው ለሚሄዱት ለእርስዎ ግን ያሳስበኛል። ስለዚህ ሊንኩን የመጨረሻ አማራጭዎ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

የመንዝ መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ «የተራራ ነጂ»፣ ሐሳብዎ ትክክል መሆኑን አልክድም፤ ጥያቄውንም ለፕሮጀክቱ አቅርቤ ነበር። ሌላ ሞተር የሚገዛው በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ብቻ እንደሆነ ተነግሮኛል። የክትባቱ ወቅት ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ባለኝ ሞተር መሥራት አለብኝ።

ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለካን። የክትባት ሳጥኑን በበረዶ ጥቅሎቹ ሞልተን ስንመዝነው 9 ኪሎ ሆነ፤ በቦታውም አስረነዋል። ጎማው ተንጠልጥሎ 612 ሚሊ ሜትር፣ መሬት ላይ ብቻውን ቆሞ 602፣ እኔ ስቀመጥበት ደግሞ 562 ሆነ። እንግዲህ ሞተሩ በእኔ ሥር ዝቅ የሚለው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። የማጥበቂያ ቀለበቱንም አየሁት፤ እርስዎ እንደገመቱት ወደ ታች በጣም ጠብቋል፤ ከላዩ ያለው ቀለበቱ የሚዞርበት ጥርስ ረጅም ነው፣ ጭቃም ደርቆበታል።

ጡረተኛው መካኒክ

ጎሽ። ከነሳጥኑ 70 ያህል እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን አላሊው። ከመንካትሽ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ አጽጂ፤ ጭቃ ያለበትን ጥርስ ማዞር ቀለበቱን ይበላዋል። ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ የላይኛው ቆላፊ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ፍቺ፣ ቀጥሎ የታችኛውን አላሊ፣ ሲያበቃ የላይኛውን መልሰሽ አጥብቂ። ስንት ዙር እንዳላላሽ ጽፈሽ ያዢ፤ ሞተሩን የምትመልሺበት ቀን ያስፈልግሻል።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ሰው ሳይቀመጥበት ያለው ዝቅታ ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ቁሚ፤ ያኔ ሞላው ለክብደትሽ ጠንካራ ነው ማለት ስለሆነ መፍትሔው ለስለስ ያለ ሞላ መግዛት እንጂ ቀለበቱን ማላላት አይደለም። ሾኩን ራሱን ግን ማንም ከፍቶ ማራራቂያ እንዲያስገባበት አትፍቀጂ፤ ውስጡ ከ10 ባር በማያንስ ግፊት የታመቀ ናይትሮጂን ጋዝ ስላለ፣ ያለ መሣሪያው የሚከፍተው ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ቢሠራ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ያ ነበር፤ የሾኩ ዝርጋታ ያጥራል፣ የሞላው ጉልበትና የሞተሩ አቋም ግን አይናጋም።

ኋላው ከወረደ በኋላ ፊቱን ብቻውን ከፍ አድርገሽ አትተዪው። የፊት ሾኮቹን በማቀፊያዎቻቸው ውስጥ በ10 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ አንሽ፣ ያኔ ፊቱም ይወርዳል፤ ከ15 ግን አትለፊ። የሁለቱ ጎማዎች ርቀት 1,445 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አንዱ ጫፍ በ25 ሚሊ ሜትር ቢለወጥ የመሪው ዘንበልታ በአንድ ዲግሪ ያህል ይለወጣል። ፊቱ ከልክ በላይ ከወረደ መሪው ቀልጣፋ ይሆናል፣ ጠጠር ላይ ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሾኮቹን ስታነሺ አንዱን ጎን አላልተሽ፣ በሚሊ ሜትር ለክተሽ፣ ካጠበቅሽ በኋላ ወደ ሌላው ሂጂ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የፍሬን ቱቦው እንዳይታጠፍና የሾኮቹ አናት መሪውን እንዳይነካ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረሽ እዪ።

የመቀመጫ ሰፊ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የመኪናና የሞተር መቀመጫ መስፋት ነው፤ ጥያቄውን ሳነብ ማንም ስለ መቀመጫው አለማንሳቱ ገረመኝ። እንደ እኔ እምነት አጭር ነጂ ብዙ የሚያተርፈው ከመቀመጫው ነው፤ ከመሬት ክፍተቱም ምንም አይቀነስበትም።

ሰዎች ሁሉ የሚያስቡት ስለ መቀመጫው ከፍታ ነው፤ እኔ ግን ስፋቱን አስቀድማለሁ። እግር ከዳሌ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ የመቀመጫውን ጠርዝ ዞሮ ነው የሚወርደው። ጠርዙ ሰፊና ሹል ከሆነ ጭን ወደ ውጭ ይከፈታል፣ የእግርም ርዝመት በዚያ ይባክናል። ከታንኩ ጋር በሚገናኝበት የፊት ክፍል ላይ ሁለቱን ጎኖች ጠበብ ማድረግና ማዕዘኑን ማለስለስ ብቻውን፣ ከፍታው ሳይነካ፣ ከጣት ጫፍ ወደ እግር መዳፍ መሃል ሊያደርስ እንደሚችል በደንበኞቼ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ እርስዎም መጀመሪያ የሚለኩት ቁመትዎን ሳይሆን የእግርዎን የውስጥ ርዝመት ይሁን፤ በባዶ እግርዎ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው፣ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መሃል ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ ወለሉ ይለኩ።

መቀመጫው የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ እሱን አይቁረጡ። ያገለገለ ሁለተኛ መቀመጫ ቢያገኙ፣ የተቆረጠው በእሱ ላይ ይሠራና ዋናው በመጋዘን ይቀመጣል። አሠራሩን ለሚሠራልዎት ሰው ያሳዩት። ልባሱን የያዙትን የስቴፕል ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቅሎ ልባሱን ሳይቀድ ያውልቅ። የሚቆረጠውን መስመር በስፖንጁ ላይ በስክሪብቶ ያስምር፤ ከመቁረጡ በፊት ግን በቀጭን ሽቦ ወግቶ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ በየቦታው ስንት ጥልቀት ላይ እንዳለ ይወቅ። ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ መቅረት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚቀመጡት ፕላስቲኩ ላይ ነው። ለመቁረጥ ረጅም የሴጌቶ ምላጭ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ስስ ስስ አድርጎ ይቁረጥ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሰው። ምላጭ የቆረጠውን ስፖንጅ መመለስ ስለማይቻል፣ ከታሰበው ግማሹን ቆርጦ ተቀምጦ ማየትና ከዚያ መቀጠል ይሻላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መሐሉን እንደ ገበታ ጎድጓዳ ሲያደርጉት ነው። ያኔ ነጂው በአንድ ቦታ ይታሰራል፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ አቀበት ላይ ወደ ፊት መንሸራተት አይችልም። ከፊት እስከ ኋላ ዝርግ ሆኖ ወደ ፊት በጥቂቱ ዝቅ ይበል። ከስፖንጁና ከልባሱ መካከል ስስ ላስቲክ ማልበስን አይርሱ፤ የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ሰው ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ስንት ቀን እንደሚረጥብ ያውቃል።

ኮረኮንች ለማጅ

እኔም 1 ሜትር ከ62 የምሆን ሰው ነኝ፤ በጎንደር ዙሪያ ለስምንት ዓመት ረጅም ሞተር ነድቻለሁ። ከላይ በተሰጡት ምክሮች እስማማለሁ፤ አንድ የጎደለ ነገር ግን አለ። ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጥ አለባቸው የሚለው አስተሳሰብ በራሱ ብዙ ሰው ይጥላል።

እኔ የምቆመው በአንድ እግር ነው። ልቆም ስቃረብ ቀኝ እግሬን ከኋላ ፍሬኑ ላይ አላነሳም፤ ዳሌዬን ወደ ግራ አንሸራትቼ የመቀመጫው ጠርዝ ላይ አደርግና ግራ እግሬን ሙሉ በሙሉ አሳርፋለሁ። በዚህ አቀማመጥ እግር በርካታ ሴንቲ ሜትር ያተርፋል። አንደኛ ማርሽ አስቀድሜ አስገባለሁ፤ ቆሜ ማርሽ መፈለግ እግር ማቀያየርን ስለሚያስከትል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመቆሚያ ቦታ ምርጫ ነው። ከመቆሜ 20 ሜትር አስቀድሜ እግሬ የት እንደሚያርፍ በዓይኔ እመርጣለሁ። መንገዱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ እግሬን ከፍ ባለው ጎን አወርዳለሁ፤ ትልቅ ድንጋይ ካለ እሱ አጠገብ እቆማለሁ። እርስዎ የወደቁበት ቦይ ያለበትን መንገድ ሳገኝ ከሁለቱ ቦዮች መሃል ከፍ ባለው ጀርባ ላይ አልቆምም፤ ጎማዬን ቦዩ ውስጥ አስገብቼ እግሬን ከፍ ባለው ጀርባ ላይ አሳርፋለሁ።

ስወጣበትም ሞተሩ በጎን መቆሚያው እንደቆመ የግራውን መርገጫ ረግጬ እንደ ፈረስ እወጣለሁ። አስቸጋሪ ቦታ ላይ ደግሞ ወርጄ፣ ሞተሩ እንደተነሳ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየለቀቅኩ አብሬው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ይህ አያሳፍርም።

የወፍራም ሶል ቡትስም መርሳት የለብዎትም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ ያንን ሦስት ቀን ባላነከሱ ነበር።

የመንዝ መንገደኛ

ለሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ሥራው እስኪያልቅ ነው፤ አሁን የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ቀለበቱን በሁለት ቀን ከፍዬ አላላሁት። አሁን ብቻውን ሲቆም 584፣ እኔና ሳጥኑ ስንጫንበት 542 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ ማለትም ዝቅታው 28 እና 70 ነው። የፊት ሾኮቹን ባልደረባዬ ከእኔ ጋር ሆኖ በ10 ሚሊ ሜትር አንስቷቸዋል። መጀመሪያ ላይ መቀመጫውም በዚያው በ20 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ብዬ ነበር፤ ስለካው ግን የወረደው 16 ያህል ብቻ ነው። በኋላ ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ፤ መቀመጫው ከኋላው ዘንግ ቀጥ ብሎ ያለ ሳይሆን በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሆነ፣ ከኋላው ዝቅታም ከፊቱም የሚደርሰው ድርሻ ብቻ ነው።

የእግሬ የውስጥ ርዝመት 72 ሴንቲ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ያገለገለ መቀመጫ ፈልጋ ላከችልኝ፤ እዚህ ያለ ሰፊም ከላይ የተጻፈውን እያነበብኩለት ሠራው። ከፍታው 25 ሚሊ ሜትር ተቀንሷል፣ ከፊት ጎኖቹም ጠበዋል። መጀመሪያ 15 ብቻ ቆርጦ እንዳየው ለመንኩት፤ ሁለት ቀን ነድቼበት ተመልሼ የቀረውን አስቆረጥኩ። ሁለቱ ለውጦች በድምሩ 41 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመሬት ክፍተቱ የተወሰደው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ክፍል የመጣው ከስፖንጁ ነው። ወንድሜ «የተራራ ነጂ» የፈሩት የሆድ መምታት እስካሁን አንድ ጊዜም አልገጠመኝም፤ ቢሆንም ማስጠንቀቂያዎን ሰምቼ የብረት መከላከያውን ፈትሼ ሁለት ልል ብሎኖች አግኝቻለሁ።

አሁን የሁለቱም እግሮቼ የፊት መዳፍ መሬት ይነካል፤ ወደ ግራ ስንሸራተት ደግሞ ግራ እግሬ ተረከዙ ጭምር ያርፋል። ሊንክ መቀየርም ሆነ መቆሚያ ማስቆረጥ አላስፈለገኝም። የኮረኮንች ለማጁን ምክር ግን ከሁሉ በላይ ተጠቅሜበታለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ መቶ ጊዜ ያህል መቆምና መነሳት ተለማምጃለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ፤ እሱም ዋልካ ጭቃ ውስጥ ነው፣ በቁመት የመጣ አልነበረም።

ጡረተኛው መካኒክ

ደስ ብሎኛል ልጄ። የቀሩሽ ጥቂት ነገሮች ናቸው። የኋላው ክንድ አቀማመጥ ስለተለወጠ የካቴናውን ልልነት እንደገና ለኪ፤ ካቴናው በጣም የሚወጠረው ካቴናውን የሚያዞረው የፊቱ ጥርስ፣ የክንዱ ማጠፊያና የኋላው ዘንግ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ከነጭነቱ ተቀምጠሽ ሌላ ሰው ካቴናውን በጣቱ ያንሳው፤ ያኔም ትንሽ ልል መሆን አለበት። የፊት መብራቱን ማታ ግድግዳ ላይ አብርተሽ እዪው፤ ኋላው ከፊቱ ይበልጥ ስለወረደ ብርሃኑ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይሆናል፣ የሚመጣውን ሾፌር እንዳያሳውር አስተካክዪው።

የተራራ ነጂ

እኅቴ፣ መረጃውን በቁጥር ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ሥጋቴ ዝቅታው ሁሉ ከሾኩ ይመጣል በሚል ግምት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ከመቀመጫው መውሰድን በበቂ ሁኔታ አላሰብኩበትም። አንድ ጥያቄ አለኝ። 25 ሚሊ ሜትር ከተቆረጠ በኋላ በረጅም ጉዞ መቀመጫው አይጎዳዎትም? የእኔ ልጅም ሊነዳ ይፈልጋልና ለእሱ ላሠራለት አስቤአለሁ።

የመንዝ መንገደኛ

ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ደርሼ በዚያው ቀን ስመለስ በመጨረሻው ሰዓት ይደክመኛል፤ ከበፊቱ ይጠነክራል። በየአንድ ሰዓቱ ወርጄ እግሬን አፍታታለሁ፣ ኮረኮንች ላይም መርገጫው ላይ ቆሜ ነው የምነዳው። ለልጅዎ ሲያሠሩለት ከኋላ በኩል ያለውን ስፖንጅ ሳይነኩ፣ እግር በሚወርድበት የፊቱ ክፍል ላይ ብቻ ቢቆርጡለት ይሻላል፤ የእኔ ሰፊ ከኋላም 10 ሚሊ ሜትር ወስዶ ነበርና እዚያ ላይ ነው የሚሰማኝ። ጋሼ፣ ካቴናው እንዳሉት ተወጥሮ ስለነበር ዘንጉን አላልቼ አስተካክዬዋለሁ፤ መብራቱንም ዛሬ ማታ አየዋለሁ። የፊት ሾኮቹን ማቀፊያ ብሎኖች ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ፈትሻቸዋለሁ፤ አንዳቸውም አልላሉም።